ከልጆች ጋር የሚውል በግ

አሰቦት ገበያ በግ የሚገዛ ሰው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ላቷ ላይ ነው። ለበዓል ከሆነ ልክ ነው። ግቢ ውስጥ ከልጆች ጋር ለምትውል በግ ግን ጠባይ ይቀድማል ባይ ነኝ።

ከሶማሌ በኩል የሚመጣው፣ ጭንቅላቱ ጥቁር ገላው ነጭ የሆነው በግ ወንዱም ሴቷም ቀንድ የላቸውም። ሕፃን ላለበት ቤት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ የመንዝን አውራ በግ ጥምዝ ቀንድ ያየ ያውቀዋል።

ጥርስ ከማየቴ በፊት ራቅ ብዬ እቆማለሁ። ሰው ሲጠጋት ገመድ እስክትበጥስ የምትፈራገጠው ትቅርብኝ። ቀና ብላ አይታኝ ወደ ማመንዠኳ የምትመለሰዋን ነው የምፈልገው። (ደላላ ሁሏንም «እንደ ልጅ ናት» ይላል፤ አትስሙት።) አፍንጫዋ ካፈሰሰና ማመንዠክ ካቆመች ግን ዝምታዋ ጨዋነት ሳይሆን ሕመም ነው። ጤነኛዋ የጫት ገራባ ከእጅ መብላት ከለመደች ራሷ ትከተላለች።

አደራ፣ ወንዱን ጠቦት ግንባሩን እየገፋችሁ አታጫውቱት። አሁን ያስቃል፤ ሲያድግ ሰው መውጋት ጨዋታ ይመስለዋል። ማሻሸት ካማራችሁ አገጩ ሥር እከኩለት።