ሰማያዊ ነጥብ

ካርታ መሥራት ስጀምር ውሃን ማሳየት ከሁሉ የሚቀል ሥራ ይመስለኝ ነበር። ሰማያዊ ቀለም ይበቃል፤ ለወንዙ መስመር፣ ለኩሬው ክብ፣ ለጕድጓዱ ነጥብ። ይህን እምነቴን ያስጣለኝ ቦረና ነው።

በ2009 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ሚያዝያ ላይ የጀመርሁትን ሉህ ከመሬቱ ጋር ላስተያይ ተመልሼ ሄድሁ። ልኬቱ 1፡50,000 ነው፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወረቀት አንድ ኪሎ ሜትር ምድር ይሸከማል። የከፍታ መስመሮቹ በየ20 ሜትሩ ተሠምረዋል። ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ፣ ግራርና ኩይሳ የበዛበትን ቀይ ሜዳ አቋርጠን ዱብሉቅ ደረስን። ከዘጠኙ የቱላ ኤላዎች አንዱ የሚገኘው እዚያ ነው። ወጣቶች በጕድጓዱ ውስጥ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያሻግራሉ። ከብቶቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

እንዲህ ያለው ኤላ እስከ 30 ሜትር የሚጠልቅበት ጊዜ አለ። 20 ሜትር ከፍ ለሚል ኮረብታ መስመር የሚሰጠው ካርታዬ፣ ለዚህ ሁሉ የሰው ድካም የሰጠው አንዲት ነጥብ ነበር።

የውሃውን ተራ የሚያስከብሩት አባ ሄሬጋ ካርታውን አስዘርግተው በአስተርጓሚ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይህ ነጥብ ዛሬ ማን እንደሚያጠጣ ይናገራል?»

«አይናገርም፣ አባቴ።»

ኤላው ያስቆፈረው ሰውና ጎሣ እንዳለው፣ ቀኑም ለየመንጋው እንደሚደለደል ነገሩኝ። ተራ የሌለው ከብት ከኤላው አፍ ቆሞም ቢሆን ውሃው ሩቁ ነው። ቀጥለው ጣታቸውን ሰማያዊ ክብ ላይ አሳረፉ።

«ይህስ?»

«ኩሬ ነው።»

«መቼ?»

መልስ አልነበረኝም። በሚያዝያ ዝናብ ሞልቶ ያየሁት ኩሬ፣ በማግስቱ ስንሄድ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ሆኖ ጠበቀን። እኔ ግን እንደማይደርቅ ውሃ ዙሪያውን በሙሉ መስመር ከብቤው ነበር። በእኔው ቅጂ ላይ መስመሩን ቆራረጥሁት፤ በካርታ ቋንቋ «በወቅቱ ብቻ» ማለት ነው። አስቀድመው የተበተኑትን ረቂቆች ግን መሰብሰብ አልቻልሁም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የቦረና ከብት ሲረግፍ፣ እኔ አዲስ አበባ ነበርሁ። የከብቱን አፅም በቴሌቪዥን ባየሁ ቍጥር ያ ክብ ይታወሰኝ ነበር። የቦረና እረኛ የኔን ካርታ አይጠይቅም፤ አገሩን ያውቃል። ውሃ በቦቴ ለማድረስ ወይም አዲስ ጕድጓድ ለማስቆፈር ከሩቅ ሆኖ የሚወስን ሰው ግን ወረቀቱን ያምናል። «እዚህስ ውሃ አላቸው» ብሎ ያልፋቸዋል።

ዛሬም ሰማያዊውን ብዕር ሳነሣ እጄ ጥቂት ይዘገያል።