የተዋስነው መኪና

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው አራት ሆነን ነው። ሲያዩት ስለ መኪና ዘይት ይመስላል፤ ነገሩ ግን የአማና ጉዳይ ነው። እኛ የሠራነውን ሌላው እንዳይደግመው ብለን ሳናሳምር እንናገራለን።

በሴሚስተሩ ዕረፍት መሐል ሜዳ ያለ የክፍል ጓደኛችን ወላጆቹ ቤት ጋበዘን። ጓሳን ለማየት ከጓጓን ቆይተናል። በዚያው ሳምንት ለጀመዓው ጉዳይ ሁሌም እጁ የሚዘረጋ አንድ ታላቅ ወንድማችን፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ የታመሙ እህት ወንድሞችን እንድንዘይርበት አሮጌ ኦቶማቲክ ቶዮታውን አዋሰን። ቁልፉን ሲሰጠን «የካምቢዮው ዘይት ጊዜው አልፏል። ከከተማ እንዳታወጡት፤ ሰኞ ስትመልሱልኝ አስቀይረዋለሁ» አለን። እሺ ጋሼ፣ አልን። ቅዳሜ ጠዋት ዚያራውን ጨረስን። መኪናው በእጃችን ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። አንዳችን «ሄዶ መምጣት ነው፣ ማን ያውቃል?» አለ። ሌሎቻችንም ዝም አልን። ዝምታችን ነው መኪናውን የነዳው። የጣርማ በርን መንገድ ይዘን ወደ መንዝ ታጠፍን።

እሁድ ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ ወጣን። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ጉልበት ያጣል፤ አምስት ሰው የጫነ አሮጌ መኪና ደግሞ ዳገቱን እየቃተተ ነው የሚወጣው። አንድ ጥምዝ ላይ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን አልሄደም። ነዳጅ ስንጨምር ጩኸቱ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ባለበት ይቆማል። አቁመን የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ መዘዝን። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ጠቁሯል፤ ሽታው እንደ ተቃጠለ ነገር ነው። ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፋፍ ሣር እየነጩ ያዩናል፤ እኛ ግን ልናያቸው ልብ አልነበረንም። ዙህርና አስርን አሳጥረንና አጣምረን ሰገድን፤ ቀስ እያልን ቁልቁል ተመለስን።

ሰኞ ደወልንለት። «ትንሽ ጉዳይ ገጥሞን ነው፣ ረቡዕ እናመጣዋለን» አልን። «አብሽሩ» አለን። ከስልኩ በኋላ ማንም ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

ከመካከላችን አንዱ አባቱ ጋራዥ ውስጥ ስላደገ ሥራውን ያውቀዋል። ለሌሎቻችን እንዲህ ሲል አስረዳን፦ የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም። የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው፣ በግፊቱ ማርሽ የሚቀይረው፣ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚያወጣውም እሱ ነው። ሲያረጅና ሲቃጠል ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች ይንሸራተታሉ፤ መንሸራተቱ ሙቀት ይጨምራል፤ ሙቀቱ ደግሞ ዘይቱን የበለጠ ያቃጥለዋል። ችላ ከተባለ ካምቢዮው ራሱ ይወርዳል። ያ ማለት የአንድ ቤተሰብ የብዙ ወር እንጀራ ነው።

አንዳችን በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ወርዶ ዘይት፣ ፊልትሮና ጋርኒሲዮን ገዛ። የመጀመሪያው ሱቅ «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ የሞተር ዘይት ሊሰጠው ነበር። መለኪያው ላይ ዴክስሮን የሚል ተቀርጾ ስላየን እሱን ካልሆነ አንገዛም ብለን ነበርና ሌላ ሱቅ ፈለገ። ይህን ልብ በሉ፦ ዓይነቱ የሚታወቀው ከመኪናው መጽሐፍ ወይም ከመለኪያው እንጂ ከሻጭ አፍ አይደለም።

ማክሰኞ ጠዋት በጓደኛችን ግቢ ውስጥ ሥራ ጀመርን። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመን፣ የእጅ ፍሬን ይዘን፣ ጎማውን በታኮ አስደግፈን በክሪክ አነሳነው። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ስለዚህ ከሥሩ ወፍራም የባሕር ዛፍ ጉማጅ አስገባን። ዘይቱ ሞቅ ያለ እንጂ የሚፈላ እንዳይሆን ጠበቅን። የማፍሰሻውን ብሎን ፈትተን ወደ ሳፋ አወረድነው፤ ሦስት ሊትር ገደማ ወጣ። ከዚያ የኮፓውን ብሎኖች አንድ ጎን እስኪቀር ፈታን፤ ኮፓው ውስጥ የተረፈ ዘይት ስላለ ቀስ ብሎ ዘንበል ማድረግ ያስፈልጋል። ኮፓው ውስጥ ያሉት ማግኔቶች ላይ ግራጫ ሊጥ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። «አልሐምዱሊላህ፣ ይህ የተለመደ ነው። የብረት ስባሪ ብናገኝ ነበር የምናለቅሰው» አለ ባለሙያችን። አሮጌውን ፊልትሮ አውጥተን አዲሱን አሰርን፤ ኮፓውን ክር በማይተው ጨርቅ ጠረግን፤ ምክንያቱም አንዲት ክር ውስጥ ገብታ የዘይቱን መንገድ ልትዘጋ ትችላለች። ብሎኖቹን ከዲያጎናል ወደ ዲያጎናል፣ ሳናጠነክር መለስን፤ ከመጠን በላይ የጠበቀ ብሎን ኮፓውን ያጣምመዋል። በተቆረጠ ሃይላንድና በቀጭን ጎማ አድርገን፣ የወጣውን ያህል ለክተን በመለኪያው ቀዳዳ አዲስ ዘይት ሞላን። ሞተሩን አስነስተን፣ ፍሬን ረግጠን፣ ማርሹን በሁሉም ቦታ እያዞርን ቆየን፤ ሲሞቅ ልኩን አየን።

አሮጌው ዘይት ሳፋ ሙሉ ቀረ። አንዳችን ከአጥሩ ጀርባ ያለው ቦይ ውስጥ ሊደፋው ተነሳ። የጓደኛችን አባት፣ ቁጭ ብለው ሲያዩን የነበሩት፣ «ልጆቼ፣ ያ ቦይ የት እንደሚወርድ ታውቃላችሁ?» አሉ።

ከዚያ ስለ ጓሳ ነገሩን። ሣሩ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአስቦና በጌራ ተወላጆች በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋል፣ ከዚያ በስምምነት ተከፍቶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት ይታጨዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ በኋላ ሕዝቡ ራሱ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ እንደገና መጠበቅ ጀመረ። ቀይ ቀበሮው ዛሬም ያለው በዚያ ነው። ከጓሳ ጋራ ግራና ቀኝ የሚወርደው ውኃ አንዱ ወደ አባይ፣ ሌላው ወደ አዋሽ ይሄዳል። «ሣሩ የእኛ ቢሆን ኖሮ ያኔ በጨረስነው» አሉ። «የተቀበልነው ነው። የተቀበሉትን ደግሞ ያስረክቡታል።»

እኚህ ሰው ክርስቲያን ናቸው። ባለቤታቸው ለእኛ ብለው አዲስ ድስት አውጥተው ሽሮና ድንች ሠርተውልናል፤ ስንሰግድም ምንጣፍ አንጥፈውልናል። አማና የሚለውን ቃል አልተናገሩም፤ ያን ቀን ግን ከእኛ በተሻለ ያወቁት እሳቸው ነበሩ።

ዘይቱን በባዶዎቹ ጠርሙሶች መልሰን ሞላን፤ ደብረ ብርሃን የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ሰጠነው። መንገድ ላይ ስንከራከር መጣን። መኪናው ድኗል ማለት ይቻላል፤ መንሸራተቱ ጠፍቷል። ገንዘቡን ከኪሳችን አውጥተናል። ታዲያ ለምን ይነገረዋል? አንዱ «ደስ ይለዋል፣ ያስቀይረው የነበረውን ቀይረንለታል» አለ። ነገር ግን ሁላችንም አወቅነው፦ አዲስ ዘይት የሞላነው ውሸታችንን ልንሸፍንበትም ነበር።

ረቡዕ ከመግሪብ በኋላ ሁሉንም ነገርነው። መለኪያውን መዘዘና አየ፣ አሸተተ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ዘይቱን በደንብ ቀይራችኋል። የከፋኝ መኪናው አይደለም። ሰኞ ስትደውሉ አብሽሩ ማለቴ ነው የከፋኝ» አለን። ከዚያ በላይ ምንም አልተናገረም። ያ ግን ከሥድብ ከበደን።

አፉ በሉን አልነው፤ አፉ አለን። ቁልፉን ግን ወደ ኪሱ ከተተ።

አንድ ነገር እንጨምር። ኮፓውን ሲያፈሱ የሚወጣው ከግማሽ በታች ነው፤ የቀረው አሮጌ ዘይት ካምቢዮው ውስጥና ማቀዝቀዣው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ሁለተኛ ይቀየራል። በሁለተኛው ቀን ሳይጠራን ሄደን ከመኪናው ሥር ገባን። ጋሼ አጠገባችን ቁጭ ብሎ ሻይ አፈላልን። ቁልፉን ገና አልሰጠንም። ኢንሻአላህ ይሰጠናል፤ ካልሰጠንም መብቱ ነው።

ወሰላሙ አለይኩም።