ትናንት በአዲስ ዋጋ

ዛሬ ተሠርቶ የ1950ዎቹን መልክ ይዞ የሚሸጥ ኤሌክትሪክ ጊታር አለ። ቅርጹ፣ ቀለሙ፣ የአንገቱ ውፍረት ሳይቀር የያኔውን እንዲመስል ተደርጎ ነው የሚሠራው። ፈረንጆቹ ሪኢሹ ይሉታል፤ መጽሐፍ ቢሆን ዳግም እትም እንለው ነበር። እኔ ደብረ ብርሃን ሆኜ ኮድ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። በእኛ ሙያ አሮጌ ነገር ክብር የለውም፤ አምስት ዓመት የሞላው ሶፍትዌር ሌጋሲ ይባልና እሱን እንዲጠግን የተመደበ ሰው ይታዘንለታል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው የወራት ደሞዙን አጠራቅሞ አሮጌ ለመምሰል የሚጥር አዲስ ዕቃ ለምን ይገዛል? የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ቀልድ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም። በ1950 ኋላ ላይ ቴሌካስተር የተባለውን፣ በ1954 ደግሞ ስትራቶካስተርን ለገበያ አወጣ። ውስጡ ክፍት ያልሆነ ድፍን እንጨት፣ በብሎን የታሰረ አንገት፤ አንዱ ክፍል ቢበላሽ ፈትተህ ትቀይረዋለህ። በእኛ ቋንቋ ሞጁላር ነው። በጥር 1965 ኩባንያው በ13 ሚሊዮን ዶላር ለሲቢኤስ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ጥራቱ ወረደ የሚሉ ተጫዋቾች በዙና ከሽያጩ በፊት የተሠሩት ጊታሮች እንደ ወርቅ ይፈለጉ ጀመር። በ1982 ኩባንያው ራሱ የ1952፣ የ1957ና የ1962 ሞዴሎቹን መልሶ ማምረት ያዘ። ከገዛ አያቱ ጋር ተወዳደረ ማለት ነው። በ1995 ደግሞ ይባስ ብሎ ፋብሪካ ውስጥ ተፍቆ፣ ተጫጭሮና ዝጎ የሚወጣውን ሬሊክ የሚባለውን አመጣ።

ይህን የመጨረሻውን ለአጎቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና "ቡትቶን በገንዘብ?" አሉኝ።

የእኔ ሬሊክ አይደለም። ሜክሲኮ የተሠራ፣ የ1950ዎቹን ስትራቶካስተር የሚከተል ቪንቴራ ነው፤ ጓደኛዬ ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣ ይዞልኝ ገባ። ሰዎች ይህን ዓይነት ጊታር የሚወዱት ለመልኩ ብቻ እንዳልሆነ ከእጄ ገብቶ ነው የተረዳሁት። የድሮዎቹ የድምፅ መልቃሚያዎች ማግኔት ላይ በሺዎች ዙር የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ናቸው። የብረት ክር ሲርገበገብ መግነጢሳዊው መስክ ይናጋል፤ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ማጉያው ያንን ያሳድጋል። በቃ ይኸው ነው። ነገር ግን ይህ ነጠላ ጥምጥም በዙሪያው ያለውን የመብራት መስመርም ይለቅማል፤ ስለዚህ ያጉረመርማል። አሜሪካ መብራቱ 60 ኸርዝ፣ እዚህ 50 ኸርዝ ነው። ጊታሬ ደብረ ብርሃን ላይ ሲያጉረመርም ከትውልድ አገሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው፤ ሰዉ ሁሉ የሚመኘው የካሊፎርኒያ ድምፅ እዚህ ሲደርስ በሸዋ መብራት ይቃኛል።

ሌላው የጣት መያዣው ጠረጴዛ ጉብታ ነው። ያኔ 7.25 ኢንች ራዲየስ ነበረው፤ ዛሬ ብዙዎቹ ጊታሮች ከዚያ ጠፍጣፋ ናቸው። ጉብ ያለው ለኮርድ እጅን ይመቻል፤ ክር ጎትተህ ድምፁን ከፍ ልታደርግ ስትል ግን ሊታነቅብህ ይችላል። የእኔም 7.25 ነው። መሐንዲስ እንደ ጉድለት የሚያየውን ተጫዋቹ እንደ ጠባይ ያየዋል።

ግን ልብ በሉ፦ ሪኢሹ ሁሉን አይመልስም። የ1954ቱ ስትራቶካስተር መቀየሪያው ሦስት ቦታ ነበረው። ተጫዋቾች መሐል ላይ እንዲቆም እያደረጉ ያልታሰቡ ድምፆች ሲያወጡበት፣ ኩባንያው በ1977 ባለ አምስት ቦታውን አመጣ። ሳንካ የነበረው ነገር ባሕርይ ሆነ። የእኔ "የ1950ዎቹ" ጊታርም ባለ አምስት ነው። ቀለሙም ያኔ ይቀቡት የነበረው ናይትሮሴሉሎስ ሳይሆን ፖሊስተር ነው። ዳግም እትም ሁሉ አርታኢ አለው፤ ምን እንደሚቀር የሚወስን።

እኛ ደግሞ ለዳግም እትም እንግዳ አይደለንም። አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን በ1969 ሲያቋቁም የአዲስ አበባ ባንዶች በነሐስ መሣሪያዎቹ መሐል ኤሌክትሪክ ጊታር ያስጮሁ ነበር። አምስት ዓመት ሳይቆይ ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊቱ ሙዚቃ ታፈነ፤ አምሃም በ1975 አገር ለቀቀ። ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው "እሬ መላ መላ" በ1986 ቤልጂግ ውስጥ ታትሞ አውሮፓ ሰማው። በ1997 ፍራንሲስ ፋልሴቶ ፓሪስ ላይ የኢትዮፒክስን ተከታታይ ጀመረ፤ በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በጂም ጃርሙሽ ፊልም ዓለምን ዞረ። በእኔ ዕድሜ ያለን ብዙዎቻችን የአባቶቻችንን ጊታር የሰማነው በዚህ ዙር ነው። ስንዘፍነው የኖርነው ናፍቆት እንኳ የተመለሰልን በሲዲ ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከነበረበት ኮረብታ ላይ ከጥንቱ የቀረው የግንብ ቅሪት ነው፤ እዚያው የድሮውን እንዲመስል ሆኖ የተሠራ ሎጅ አለ። እንግዳ ቡናውን ይዞ ቁልቁል የአፋርን ቆላ ያያል። ያምራል፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ግብር የሚበላበት አዳራሽ ተመለሰ እንጂ ግብሩን የተሸከመው ገበሬ አልተመለሰም።

አጎቴ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ጊታሪስት ነበሩ። ጊታሩ የቀበሌው ንብረት ነበር፤ ልምምድ ሲያልቅ ቆጥረው ይረከቧቸዋል። ኪነቱ ሲበተን እሱንም አስረከቡ፤ ከዚያ ወዲህ የራሳቸው ጊታር ኖሯቸው አያውቅም። አሁን ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ተጠግቷል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ጣቶቻቸውን በሪህ ቆላልፏቸዋል። የእኔን ጊታር ሲይዙ ግን ክሩ ቀጭን ስለሆነ ብዙ መጫን አያስፈልገውም፤ ጉብታውም ለተጣመመ ጣት ተመቸ። ትዝታን በዝግታ ሄዱበት። ከዚያ የማላውቀው ዜማ መጣ። ላፕቶፑን ከፍቼ መቅዳት ጀመርኩ።

"ጋሼ፣ ይሄ የማን ነው?"

"የእኛ ነው። የኪነቱ።"

"ግጥሙስ?"

"ግጥሙን ተወው።"

በየቅዳሜው እየመጡ አራት ዜማ ቀዳንላቸው። እነዚህን ማንም ሸክላ ላይ አላተማቸውም፤ ስለዚህ ማንም ዳግም አያትማቸውም። ከአጎቴ ጣቶች ጋር የሚጠፉ ናቸው። እኔ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ከበሮ ልጨምርበት፣ ዋህ ዋህ ልጨምርበት፣ የጥንቱ ድምፅ ይምጣበት ማለት ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ማጉያ የሌለው ኤሌክትሪክ ጊታር ከክራርም ያነሰ ነው፤ ጆሮህን ካላስጠጋህ አይሰማም። ተጠግቼ ሳዳምጥ፣ ጣታቸውን ሳያቆሙ ነገሩኝ።

"ይህን የምንጫወተው ዘማች ስንሸኝ ነው። ከሰፈር ልጆች ጋር አንድ ላይ ያደግን። እኔ መድረክ ላይ ነኝ፤ እነሱ መኪናው ላይ። 'ሂዱ' የሚለው ግጥም የእኛ ነው። ያልተመለሱትን በስም አውቃቸዋለሁ።"

ምን እንደምል አላወቅኩም። ትንሽ ቆይተው "አንተ ዜማው ጥሩ ነው ትላለህ። ጥሩ ነው። ጥሩ ባይሆን ኖሮ ማን ይሄድ ነበር?" አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጊታሩ የማስበው ተለወጠ፤ መውደዴ ግን አልቀነሰም። ሪኢሹ ውሸት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ያለ እሱ የአጎቴ እጅ ተመልሶ ክር ባልነካ ነበር። ድምፁን አምጥቶ ዋጋውን ግን እዚያው ትቶት ይመጣል። ቀሪውን ማምጣት የተጫዋቹ ዕዳ ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ አጎቴ ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ መጡ፤ ጊታሩን ግን አልጠየቁም። "ጻፍ" አሉኝ፤ ግጥሙን ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምረው አጻፉኝ። ሲጨርሱ የሰባት ሰው ስም ጨመሩ። ሁሉንም ከዜማው ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩት። ከበሮውን እስካሁን አልጨመርኩም።