አክሲዮኔና አክስቴ

አክሲዮን አላችሁ? ካላችሁ ጨዋታዬን ስሙኝ። ከሌላችሁም ስሙኝ፤ ነገ አንዱ ዘመድ መጥቶ ሊያስገዛችሁ ይችላል። አክስቴን ያስገዛኋት እኔ ነኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕንፃ ሠርቶ ያከራያል ከተባለ ኩባንያ ሃያ አክሲዮን ገዛሁ፣ አንዱን በ1,000 ብር። ወረቀቱን ሳሳያት አክስቴ ዓይኗ በራ። እቁብ ደርሷት ነበርና ሠላሳ ገዛች። ይኸው ስድስት ዓመት! ሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ብረቱ ዝጓል፤ የትርፍ ድርሻ የሚባል ነገር በዓይናችን አላየንም። «እንዴት ሆነ?» ስትለኝ «በሂደት ላይ ነው» እላታለሁ። ይቺን ቃል ከማን እንደተማርኳት አሁን ታያላችሁ።

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ሄድኩላችሁ። የታሸገ ውሃ አለ፣ ብስኩት አለ፤ የሌለው የኦዲት ሪፖርቱ ነው። ሰብሳቢው የሀብትና ዕዳ መግለጫውን ግድግዳ ላይ አሳዩንና ገና ዓይናችንን ሳናሽ «ወደሚቀጥለው አጀንዳ» አሉ። አንድ መስመር ብቻ ያዝኩ፦ «ለሥራ ተቋራጭ የተሰጠ ቅድመ ክፍያ»። ቁጥሩ ሁላችንም ካዋጣነው ግማሽ ያህላል! አንዲት ወጣት ተነስታ «ሥራው ቆሞ ቅድመ ክፍያው የት ሄደ?» ብትል «በሂደት ላይ ነው» ተባለች። ለድምፅ እጃችንን ስናወጣ ደግሞ ለካ የሚቆጠረው እጅ ሳይሆን አክሲዮን ኖሯል። መሥራቾቹ ብቻቸውን ይበቃሉ።

ዋናው ጉባኤ ግን የተካሄደው ከአዳራሹ ማዶ ባለች ሻይ ቤት ነው። አሥራ አንድ ነበርን። ወጣቷ «ሂሳቡን በጽሑፍ እንጠይቅ» አለች። አንድ ጡረተኛ መምህር ተቆጡ። «ልጄ፣ ጩኸታችን ከወጣ ማን ይገዛልናል? ስሙ ከጠፋ እኮ የያዝነው ወረቀት ነው!» አንዱ ደላላ ቢጤ (ጠረጴዛችን ላይ እንዴት እንደተቀመጠ እግዜር ይወቀው) «መሬቱ ብቻውን ወርቅ ነው» ይላል። መሬቱ የሊዝ መሆኑን፣ ሊዙም በየጊዜው እንደሚከፈል ያነሳ የለም።

መምህሩ ሞኝ እንዳይመስሏችሁ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ እዚያ የሚመዘገብ ኩባንያ ሂሳቡን ለሕዝብ የመግለጽ ግዴታ አለበት። የኛው ግን እዚያ የለም። እንግዲህ መውጫው አንድ ነው፤ ያልሰማ ሰው ፈልጎ መሸጥ። «ዝም እንበል» ማለት ይኸው ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ይሄ ሲገባኝ ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። በዚያው ሰሞን አክስቴ «ሃያ የሚሸጥ ሰው ካገኘህ ንገረኝ» ብላኝ ነበራ! ሃያ! ልክ የኔን ያህል።

ሁለት ሌሊት አሰብኩበት፤ አልዋሻችሁም።

ለነገሩ መብቱ አለን። ባለአክሲዮን የሂሳብ መግለጫውንና የኦዲተሩን ሪፖርት ማየት እንደሚችል የንግድ ሕጉ ይላል፤ የ1952ቱም፣ የተተካበት የ2013ቱም። እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ቢሮው ሄጄ አልጠየቅኩም። የቤት ኪራይ ሃምሳ ብር ሲጨመርብኝ ግን ሰፈር አንቀጠቅጣለሁ! ከአሥራ አንዳችን አራት ፈረምን። መምህሩ አልፈረሙም። ከሦስት ሳምንት ምልልስ በኋላ ቅጂው ተሰጠን።

እሑድ ይዤው ሄድኩ። አክስቴ ቡና እያፈላች ነበር። መነጽሯን አድርጋ ጣቷን ቅድመ ክፍያው ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ብር ለማን ነው የተሰጠው?»

«በሂደት...» ብዬ ጀምሬ ተውኩት። «አላውቅም» አልኳት።

«ታዲያ የሚያውቀው ሰው ቢሮው የት ነው?» አለችና ነጠላዋን አነሳች።

«አክስቴ፣ ዛሬ እኮ እሑድ ነው።»

«እንግዲያው ነገ በጠዋት መጥተህ ውሰደኝ።»