ዝናቡን የሚመትር መንደር

ከህንዷ ከተማ ከፑኔ ወጥቼ ቀድሞ አህመድናጋር ይባል ወደነበረው አውራጃ ስዘልቅ ምድሩ እየነጣ፣ ድንጋዩ እየበዛ ሄደ። ደመናው ምዕራባዊ ጋትስ ተራሮች ላይ ተራግፎ ስለሚያልቅ፣ የሂወሬ ባዛር መንደር በዓመት የሚደርሰው ዝናብ 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀድሞ ጉልበት ያለው ለቀን ሥራ ወደ ፑኔና ሙምባይ ይፈልስ፣ የቀረው አረቄ ያወጣ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1989 ፖፓትራኦ ፓዋር የተባሉ የተማሩ ወጣት የመንደሩ ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡ። አርአያ የሆናቸው እዚያው አውራጃ ያለው የማኅበራዊ ተሟጋቹ የአና ሃዛሬ መንደር ራሌጋን ሲዲ ነው። ተራራው በእርከንና በክትር ተሸነሸነ፤ ጉልበቱ የመንደርተኛው፣ ገንዘቡ በአመዛኙ የመንግሥት። እስከዚህ ድረስ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር የለውም። የተፋሰስ ሥራን እናውቃለን፤ የትግራይዋ አብርሃ ወአጽብሃ በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማት ወስዳለች።

እኔን የገረመኝ ውሃው ከተመለሰ በኋላ ያለው ነው። ውሃ ያየ ገበሬ ሞተር ተክሎ አገዳ ማልማት ያምረዋል። እዚህ ግን አገዳና ሙዝ ክልክል ነው፤ ለመስኖ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈርም፣ ልቅ ግጦሽም፣ መሬትን ለባዕድ መሸጥም እንዲሁ። ክረምቱ ሲወጣ የዘነበው ይመተራል። ከዚያ ላይ አስቀድሞ የሰውና የከብት መጠጥ ይቀነሳል፤ በተረፈው ምን እንደሚዘራ የመንደሩ ጉባኤ ይወስናል። ዓመቱ ደረቅ ከሆነ ውሃ የሚፈጀው ሰብል ይቀርና ሽምብራና ማሽላ ይዘራል።

ግጦሹ ተከልሎ ሣሩ እየታጨደ ሲወሰድ፣ የመንደሩ ወተት በቀን ከ150 ሊትር ወደ 4,000 ሊትር ገደማ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1995 ድሃ ተብለው የተመዘገቡት ቤተሰቦች 168 ነበሩ፤ በ2010 ሦስት ቀሩ። ከፈለሱትም ብዙዎቹ ተመልሰዋል። መንደሩ ራሱን ቻለ ሲባል ከገበያ ተነጥሎ የሚኖር የሚመስለው ካለ ግን፣ ወተቱም ሽንኩርቱም ከተማ ወርዶ ነው የሚሸጠው።

ቅሬታ አጣሁ አልልም። ልቅ ግጦሽ ሲከለከል ቀድሞ የሚጎዳው ከፍየል በቀር ሀብት የሌለው ነው። ደንቡም የቆመው ለብዙ ዓመታት በመሩት በአንድ ሰው ተሰሚነት ይሁን ወይስ በመንደሩ ልማድ፣ ለጎብኚ ዓይን አይለይም።

አገር ቤት በቀበሌ ስብሰባ «እርከን ሥሩ» ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ። ባለሞተሩን ባለጠጋ «ዘንድሮ ሽንኩርት አትተክልም፣ ውሃው አይበቃም» የሚል ጉባኤ ግን ገና አላጋጠመኝም።