የደጋው ልክ በቆላ

በ2008 ዓ.ም. የጻፍኩት አንድ ደብዳቤ አለ፤ ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴ በኀፍረት ይቀላል። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ቁጥርና ቀን ነበረው፤ ቋንቋውም ቢሆን የሚያስነቅፍ አልነበረም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም እውነት አለመሆኑ ነው። እንዴት እንደተጻፈ ለማስረዳት ስለ አንዲት ሞተር ብስክሌት መናገር ግድ ይሆንብኛልና አንባቢ ይታገሠኝ።

በዚያ ዓመት ለክትባት ሥራ ከደብረ ብርሃን ወደ ይፋት ቆላ፣ ወደ ጀውሃ ተዛወርኩ። ለሥራዬ የተመደበችልኝ ሞተር ብስክሌት ጥቁር ጢስ የምታጨስና ቤንዚን የምትፈጅ ስለነበረች፣ ከመውረዴ አስቀድሜ ለአንድ የደብረ ብርሃን መካኒክ ሰጠኋት። ሰውየው ሦስት ቀን ይዞ ሲመልስልኝ ጢሱ ጠፍቶ፣ ድምፅዋም ጠርቶ፣ የነዳጅ መስጫው እጀታ ገና ሲነካ እንደ ሰጋር በቅሎ የምትነሣ ሆና አገኘኋት። «ለመሆኑ የሚሠሩባት የት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ቸኩዬ ነበርና «ለመስክ ነው» ብዬው ሄድኩ። የዚህ ሁሉ ታሪክ ሥሩ ይህች አጭር መልስ ናት።

ሞተሯን በአይሱዙ ጭኜ ጉዞ ጀመርኩ። የጣርማ በርን ጉም አልፎ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ በሠራው ዋሻ ሾልኮ፣ በደብረ ሲና በኩል ጠመዝማዛውን መንገድ የወረደ ሰው፣ ጧት በካፖርት ተነሥቶ ቀትር ላይ በሸሚዝ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ከዚያ አልፎ በደሴው መንገድ ላይ ጀውሃ ይገኛል። ማሽላውና ማሾው የሚበቅልበት፣ ነፋሱ እንደ ምድጃ አፍ የሚጋረፍ አገር ነው።

በማግሥቱ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ከኋላዬ አስሬ ወደ አንድ ቀበሌ ተነሣሁ። ሞተሯ ስትቆም በደኅና ትሠራለች፤ እጀታውን ቀስ ብዬ ስጠመዝዘውም ትታዘዛለች። ዳገት ላይ ደርሼ በድንገት ነዳጅ ስሰጣት ግን ጉሮሮው እንደታነቀ ሰው ትስልና ትጠፋለች። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መካከል መቆየት ያለበት ነገር ነውና፣ እኔ እየገፋሁ በረዶው ይቀልጥ ነበር። ከቦታው ስደርስ ጀንበር አዘቅዝቃ፣ ልጆቻቸውን አዝለው ከጧት ጀምሮ የጠበቁት እናቶች አብዛኞቹ ተመልሰው ሄደዋል።

በዚያች ሌሊት በፋኖስ ብርሃን ያን ደብዳቤ ጻፍኩ። መካኒኩ የሞተሯን ደኅና ዕቃ አውጥቶ አሮጌ እንደተካበት፣ ክፍያውም ሊታገድ እንደሚገባ ለመሥሪያ ቤቴ አመለከትኩ። ማስረጃ አልነበረኝም፤ የነበረኝ ቁጣ ነው።

ከሳምንት በኋላ ሰዎች በጀውሃ መንገድ ዳር በአንድ የግራር ጥላ ሥር ሞተር ወደሚጠግኑ ሽማግሌ መሩኝ። እኔ ካርቡራተሩ በቶሎ እንዲፈታልኝ ፈልጌ ነበር። እርሳቸው ግን «ተው ልጄ፤ ከቀላሉ እንጀምር» አሉኝ። በመጀመሪያ ከእጀታው እስከ ካርቡራተሩ የሚደርሰውን ካቮ ሳብ ለቀቅ አድርገው፣ እንዳልላላና እንዳልተያዘ አዩ። ቀጥለው የአየር ማጣሪያውን አውጥተው አቧራውን አራገፉ። የቤንዚኑን ቱቦ ነቅለው ያለማቋረጥ መውረዱን ተመለከቱ። ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ጎማ ተሰንጥቆ አየር እንዳያስገባ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚህ በኋላ ካንዴላውን ፈትተው በፀሐይ አዩትና ዝም አሉ። ጫፉ እንደ አመድ ነጥቷል። ቡና ዓይነት ቢሆን ልኩ ነው፤ ጥላሸት ቢለብስ ቤንዚን በዝቷል፤ ሲነጣ ግን ቤንዚን አንሷል ማለት ነው።

«እስቲ ጧት ስታስነሣት የምትስበውን የአየር መዝጊያ ግማሹን ሳብና ነዳጅ ስጣት» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ሞተሯ ሳትስል፣ ሳታመነታ ጮኸች። አየሩ ሲቀነስላት ነፍስ ዘራች። ሽማግሌውም ፈገግ ብለው «ደጋ ነው የተሠራችው አይደል?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቡራተር ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያዋሕድ ዕቃ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 71 ገደማ ብቻ ነው። ሸዋ ሮቢት ግን 1,280 ሜትር ገደማ በመሆኑ ከመቶ 86 ያህል ይደርሳል። በስስ አየር አገር ቤንዚን ይበዛና ሞተር ጥቁር ያጨሳል። የደብረ ብርሃኑ መካኒክ ይህን ዐውቆ፣ ጂግለር የሚባለውን የቤንዚን ማለፊያ በጠባብ ቀዳዳ ለውጦ፣ መርፌውንም ዝቅ አድርጎ ለደጋው የሚስማማ ልክ ሰጥቷት ነበር። ወፍራም አየር ወዳለበት ቆላ ስትወርድ ያው ልክ ጎዶሎ ሆነ። እጀታው በድንገት ሲከፈት አየሩ ይቀድማል፤ በቂ ቤንዚን አይከተለውም፤ ስለዚህ ትታነቃለች። በዚያው ብትነዳም ከልክ በላይ ግላ ፒስተኗን ልታቃጥል ትችላለች። የአነስተኛ አውሮፕላን አብራሪዎች ከፍታቸው ሲለወጥ የነዳጁን ልክ በእጃቸው የሚያስተካክሉት፣ የዘመኑ መኪናዎችም የአየሩን ግፊት በመሣሪያ የሚለኩት ስለዚሁ ነው።

ሽማግሌው ከአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ሰፋ ያለ ጂግለር መርጠው ገጠሙላት፤ መርፌውንም አንድ እርከን ከፍ አደረጉት። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በዚያው ሳምንት ወደ ቀበሌው ተመልሼ የቀሩትን ሕፃናት ከተብኩ።

የቀረው ደብዳቤዬ ነበር። መካኒኩ ከሥራው አንዳች አላጎደለም፤ የጎደለው የእኔ መልስ ነው። ለመሥሪያ ቤቴ ስሕተቴን ገልጬ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያው በሦስት ቀን ሥራ ላይ ውሎ የሰውየውን ገንዘብ ሲያሳግድ፣ ሁለተኛው ግን ገንዘቡን ለማስለቀቅ ሁለት ወር ፈጀበት። ክስ በሩጫ ሲደርስ ይቅርታ በእግሩ የሚያዘግም መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ደብረ ብርሃን ወጥቼም ይቅርታ ጠየቅሁት። በእነዚያ ሁለት ወራት የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ በብድር እንደከፈለ የሰማሁት ከጎረቤቱ ነው፤ እርሱ አልነገረኝም። የዘይት እጁን በጨርቅ እየጠረገ «የት እንደሚሠሩባት ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ በዚህ ነገር ግን የወጋሁትም አልረሳሁም።

ዛሬ በሰው ላይ የቀረበ ጽሑፍ ለፊርማ ሲመጣልኝ ብዕሬን አስቀምጬ እጠይቃለሁ፤ ይህ ሰው ሥራውን ሲሠራ የት እንደሚውል ነግረነው ነበርን?