ሁለተኛዋ ክር

ሲግናል ውስጥ ፀጥታ የሚገኘው ሌሊት ብቻ ነው። ቀን ቀን የታክሲ ረዳቶች «መገናኛ! መገናኛ!» ጥሪ፣ የብረት በር የሚበይደው ጎረቤታችን መዶሻ፣ ከየሱቁ የሚፈልቀው ሬዲዮ፣ ሁሉም አጥራችንን ተሻግሮ በረንዳችን ላይ ይሰፍራል። እዚያው በረንዳ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ አዙረው፣ ጋሼ ጊታራቸውን ይቃኛሉ። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሲቃኙ ጎንበስ ብለው አገጫቸውን የጊታሩ ትከሻ ላይ ያስደግፋሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ አንዷን ክር በአውራ ጣታቸው መታ አድርገው ይጠብቃሉ። ልጅ ሳለሁ ይህ አቀማመጥ የድካም ይመስለኝ ነበር። ጆሯቸው ሲደክም በእንጨቱና በአጥንታቸው በኩል ማድመጥ እንደ ጀመሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አምና በገና ዕለት ነው። የወንድሜ ልጅ አዲስ ኪቦርዱን ይዞ መጣ። ቡናው ከተጠጣ በኋላ «ጋሼ፣ ትዝታን አብረን እንጫወት» አላቸው። ደስ ብሏቸው ጊታራቸውን አወረዱ። ጀመሩ። ከአንድ ደቂቃ በላይ ግን መቀጠል አልተቻለም፤ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ክፍል ውስጥ እንደ ተኳረፉ ዘመዳሞች ሆኑ። ልጁ በትሕትና «ጋሼ፣ ጊታርዎ ትንሽ ሳይወርድ አልቀረም» አለ። ጋሼ ቃኙ። አሁንም አልገጠመም። ሦስተኛ ጊዜ አልሞከሩም። ጊታሩን ከረጢቱ ውስጥ ከተቱና ስለ በጉ ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

በዚያ ቀን ማንም ምንም አላለም። ሁላችንም ግን በልባችን ፈርደን ተለያየን። ኪቦርድ አይሳሳትም፤ ሰው ያረጃል፤ የጋሼ ጆሮ አበቃለት ማለት ነው። እርሳቸውም ፍርዳችንን የሰሙት ይመስለኛል፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ባለበት ጊታር ማንሳት ተዉ።

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ሆኖም አንድ ነገር ማድረግ እንዳለብኝ ተሰማኝ፤ ሰዎች ቱነር የሚሉትን መቃኛ ልገዛላቸው ወሰንሁ። ጆሮን የሚያግዝ መነጽር ቢጤ ነው ብዬ። እንዲህ ያለ ነገር ለኩሩ ሰው ሲሰጥ እንዴት እንደሚባል ግን አላወቅሁም።

መጀመሪያ የሞከርሁት በስልኬ ነበር፤ ያለ ክፍያ የሚጫን የመቃኛ ፕሮግራም ሞልቷል። ችግሩ ስልክ የሚሰማው በማይክሮፎን፣ ማለትም በአየር በኩል መሆኑ ነው። በረንዳችን ላይ ስልኩ የጋሼን ክር፣ የበያጁን መዶሻና የረዳቱን ጥሪ መለየት አቃተው፤ መርፌው ከግራ ቀኝ ይዋልላል።

ከዚያ ነው ጊታሩ ራስ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ነክሶ የሚይዘውን ትንሹን ቱነር ያወቅሁት። ይህ መሣሪያ ከአየር አይሰማም። መንጋጋው ውስጥ ፒዬዞ የሚባል ቁስ አለ፤ ሲጨመቅ ወይም ሲንቀጠቀጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህን ጠባይ ፒዬር እና ዣክ ኪዩሪ የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ክሯ ስትመታ እንጨቱ ይንቀጠቀጣል፤ ያ ንቅጥቅጥ በመንጋጋው በኩል አልፎ ይቆጠራል። ውጭ ዓለም ቢናወጥም ቱነሩ የነከሰውን እንጨት ብቻ ያዳምጣል። ይህን ሳነብ ሣቅሁ። የጋሼ አገጭ ለዓመታት የሠራውን ነው የሚሠራው!

መሀል ከተማ ካለ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ርካሹን ገዛሁ። «ለልጁ ያመጣሁት ነው፤ እስቲ እርስዎ ይሞክሩልኝ» አልኋቸው። ውሸቴን እንዳወቁት ከፊታቸው ተረዳሁ፤ ግን እሺ አሉ። ከወፍራሟ ክር ጀመሩ፦ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ቀጭኗ ሚ። በየክሯ መርፌው ከመሀል በስተግራ ቆመ፤ መስኮቱ ቀይ እንደ ሆነ ቀረ። አንዲቷም አረንጓዴ አላበራችም።

«ስድስቱም?» አሉ ጋሼ።

«ስድስቱም» አልኋቸው።

«እንግዲያው ጥፋቱ የክሮቹ አይደለም፤ የኔ ነው» ብለው መሣሪያዋን ነቅለው በጥንቃቄ መዳፌ ላይ አኖሯት። ወደ ቤት ገቡ። መልካም ላደርግ ብዬ የገና ዕለቱን ፍርድ በማኅተም አጽንቼ እንደ ሰጠኋቸው የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነሥቼ ጊታሩን እንደ ቃኙት አወጣሁና ክሮቹን አንድ በአንድ እንደ ገና መታሁ። ጆሮው የጠፋበት ሰው ቢሆን አንዷን ከፍ፣ ሌላዋን ዝቅ ባደረገ ነበር። እዚህ ግን አምስቱ ክሮች ከመሀል የራቁት በአንድ ልክ ነው። መርፌው በእያንዳንዳቸው እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። ሁለተኛዋ ክር፣ ሲ፣ ብቻ ከእነርሱም ትንሽ አልፋ ወደ ግራ ትወድቃለች። አምስት ስሕተት በአንድ ልክ አይገኝም። ጋሼ አልሳቱም፤ የቃኙት በሌላ መነሻ ነው።

መነሻ ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ ላስረዳ። የዛሬው ዓለም መሣሪያውን የሚቃኘው «ላ» በሰከንድ 440 ጊዜ ይንቀጠቀጥ በሚለው ስምምነት ነው። ስምምነት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ጆን ሾር የተባለው እንግሊዛዊ መለከት ነፊ እ.ኤ.አ. በ1711 የመቃኛ ሹካን ሲፈለስፍ እያንዳንዱ ከተማ የየራሱ «ላ» ነበረው። የሄንድል ነበር የሚባለው ሹካ 422 ገደማ ይሰጣል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1859 በሕግ 435 አለች። 440 እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ላይ በተደረገ ጉባኤ ተመረጠ፤ ቆይቶም ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ያ ርካሽ ቱነር ከዚህ ስምምነት በቀር ሌላ አያውቅም። ያልተስማማውን ሁሉ «ተሳስተሃል» ይለዋል።

በማግስቱ መደብሩ ተመልሼ ሻጩን ስለ ቀለም ወይም ስለ ዋጋ አልጠየቅሁትም። «መነሻው የሚቀየር አለህ?» አልሁት። አንዷን አወጣ፤ ከ430 እስከ 450 ድረስ ዝቅና ከፍ የምትል፣ መስኮቷም ሰፋ ያለ። ቤት ገብቼ አንድ አንድ ቁጥር ዝቅ እያደረግሁ አምስተኛዋን ክር፣ ላን፣ መታሁ። 436… 433… 430 ላይ አረንጓዴ በራ። ስድስተኛዋ፣ አራተኛዋ፣ ሦስተኛዋ፣ መጀመሪያዋም፣ ሁሉም አረንጓዴ።

«ጋሼ፣ ጊታርዎን ለምንድን ነው ዝቅ አድርገው የሚቃኙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። «በደርግ ጊዜ፣ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ሳለሁ፣ ክር እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ከተበጠሰ ተበጠሰ ነው። ስለዚህ ላላ አድርጌ እቃኘው ነበር፤ እንዲኖርልኝ። በኋላ ክሩ እንደ ልብ ተገኘ። እቴቴሽ ግን በዚያ ለምዳ ነበር። ከፍ ሳደርገው ጉሮሮዋን ያስጨንቃታል።»

እቴቴ፣ ባለቤታቸው፣ ካረፉ ሰባት ዓመታቸው ነው። ጊታሩ ግን እስከ ዛሬ የሚቃኘው ለእርሳቸው ጉሮሮ ነው።

ይህ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ጋሼ ጊታር ከማንሳታቸው በፊት ወሎ ውስጥ ክራር ይደረድሩ ነበር። ክራር ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ይቃኛል እንጂ ዘፋኙ ወደ ክራሩ አይጎተትም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች በድምፆቻቸው መካከል ያለውን ርቀት እንጂ መነሻቸው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ አይደነግጉም። ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ ክራራቸውን ሲያነሡ መነሻቸውን የሚነግራቸው የገዛ ጉሮሯቸው ነበር።

ሁለተኛዋ ክር ግን ቀረች። 430 ላይም ቀይ ናት፤ ጥቂት ዝቅ ብላለች። እውነቱን ልናገር፣ በልቤ «እንግዲህ ይህቺ የዕድሜ ናት» አልሁ። ጋሼ ለቡና ሲነሡ ቁልፏን በትንሹ አጠበቅሁና አረንጓዴ አደረግኋት። እርሳቸውም ተመልሰው ተቀመጡ፤ አገጫቸውን አስደገፉ፤ ባዶ ክሮቹን መታ መታ አደረጉ። አራት ድምፅ እንኳ አልሞሉም።

«ማነው የነካብኝ?»

«ምኑን?» አልሁ፣ እንደ ሕፃን።

«ሲን። ጠጠር ብላለች። ትጮኻለች።»

ምክንያቱን ለማወቅ ቀናት ፈጀብኝ። የጊታር ባዶ ክሮች ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ ናቸው። እነዚህን ከሶል ጀምራችሁ ደርድሯቸው፦ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። ይህ የትዝታ ቅኝት ነው! አንዲት ጣት አንገቱን ሳትነካ ጊታሩ ትዝታን ይዞ ይቀመጣል። ጋሼም ጊታራቸውን የሚቃኙት እንደ ክራር ነው፤ ባዶ ክሮቹን እርስ በርስ እያስማሙ፣ ትዝታ ጣፍጦ እስኪወጣ።

ቱነሩ ግን ኪቦርድ የሚቃኝበትን አከፋፈል ይከተላል፤ አንዱን ስምንተኛ በ12 እኩል ደረጃ ይቆርጠዋል፣ ከየትኛውም መነሻ ለመጫወት እንዲመች። እኩል መቁረጡ ዋጋ አለው። የድምፅ ባለሙያዎች አንዱን ግማሽ ድምፅ መቶ ቦታ ከፍለው እያንዳንዱን ሴንት ይሉታል። ከሶል እስከ ሲ ያለው ርቀት በቱነሩ 400 ሴንት ነው። ሁለት ክሮች ያለ ምንም ርግብግብታ ተዋሕደው የሚሰሙበት የተፈጥሮ ርቀት ግን 386 ገደማ ነው። በመካከሉ ያለችው 14 ሴንት፣ ዕድሜ ያመጣት ያልኋት ያቺ ዝቅታ ናት። ጋሼ ሲን ዝቅ የሚያደርጉት ስለማይሰሙ አይደለም፤ ስለሚሰሙ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ቱነር ልትገዛ ብትወጣ የምመክርህ ጥቂት ነው። ጫጫታ ባለበት ሰፈር ከኖርህ እንጨት የሚነክሰውን ግዛ። መስኮቱ ከክንድ ርቀት የሚነበብ ይሁን። መነሻው የሚቀየር ይሁን፤ በቤትህ ውስጥ ለአንድ ሰው ጉሮሮ የተቃኘ መሣሪያ ሊኖር ይችላልና። ከሁሉ በፊት ግን፣ ሁሉም ክር አንድ ላይ ቀይ ሲያበራ፣ በሰውየው ላይ ከመፍረድህ በፊት መርፌው በየክሩ የት ላይ እንደ ቆመ ተመልከት።

ለፋሲካ የወንድሜ ልጅ ኪቦርዱን ይዞ ተመለሰ። ነገሩን አስቀድሜ ነግሬው ስለ ነበር ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ጠቅላላ ቅኝቱን ወደ 430 አወረደው፤ ብዙ ኪቦርዶች ይህን ይችላሉ፣ እኛ ነን ያልጠየቅናቸው። «ጋሼ፣ እኔ ወርጃለሁ» አላቸው። ሲ ላይ አሁንም ትንሽ ይጋጫሉ፤ ልጁ ያቺን ቁልፍ ሲዘላት አስተዋልሁ።

ቱነሯን ጋሼ አልጣሏትም። ጠዋት ጠዋት ከመነጽራቸው ጋር ያወጧታል፤ የጊታሩ ራስ ላይ ያስነክሷታል፤ አምስቱን ክሮች በእርሷ ይቃኛሉ። ሁለተኛዋ ክር ላይ ሲደርሱ ነቅለው ኪሳቸው ውስጥ ይከቷታል። ከዚያ ጎንበስ ብለው አገጫቸውን እንጨቱ ላይ ያስደግፋሉ።